በየሰዓቱ አንድ ምስል

ያን ክረምት ጀርመኖች መንገዱን ዘጉብን፣
ቦዩም በረዶ ሆኖ ጀልባው ቆመብን፤
የሃርለም አበባ ሻጭ፣ የአባቴ ጓደኛ፣
ለዘር ያኖረውን የቱሊፕ ሥር ለእኛ
በባርኔጣው ሰፍሮ ሰጠን።
እናቴ ቀቀለች።
አምስት ሆነን በላን።
ሲነጋ አራት ነን።

ኔልትየን በአንሶላ ጠቅልለን ቀበርናት፤
ለሳጥን የሚሆን እንጨት አጣንላት፣
በሩንም ቁምሳጥኑንም ምድጃው በልቶት።
ወንድሜ ዊብረን አላለቀሰም፤
በመስኮቱ ደፍ ላይ የቆመችውን ተክል
አተኩሮ አያት፣
ድምፁን ሳያነሣም፣ "ይህችንስ ማን አበላት?"

መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን ሲፈልግ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅጠል ሲበረብር፣ ቅጠል ሲፈለፍል፣
ዶክተር ተባለና ሰገነት ተከራየ፣
ጣሪያው ብርጭቆ፣ ከፀሐይ ያልተለየ።
አረንጓዴውን ነጥሎ ከደሙ ሊያዛምድ
መርፌውን እየሞላ፣ "ሂልትየ" አለኝ፣ "ስሚ፣
ሆድን በጎመን መደለል ድሮ ቀረ፣
ሰው ራሱ ጎመን ይሁን!"
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
"ፀሐይን ከበላን ማን መንገድ ይዘጋብናል?
ማንስ ብርሃን በባርኔጣ ሰፍሮ ይመጸውተናል?"

የእኔ ሥራ ካሜራው ነበር፤
በየሰዓቱ አንዴ "ቀጭ" ይላል በራሱ፣
ፊልም ሲያልቅ መቀየር፣ መስተዋቱን ማበሱ።

በግንቦት ከጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ታየ።
በሰኔ ዳቦዬን በመዳፉ ገፋና
"ጠግቤአለሁ" አለኝ።
ያን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅምና
ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።
በሐምሌ መራመድ ተወ፤
ፊቱ ብቻ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞር ጀመር።
በነሐሴ ዝም አለ።
አከራያችን ወይዘሮ ኦቨርዳይክ እየጮኸች ወጣች፦
ነጭ ሥር ከኮርኒሷ ተንጠልጥሎ
ሾርባዋ ውስጥ ሊገባ ነው!

በጥቅምት ፀሐይዋ ሳሳች።
ጆሮው ቢጫ ሆነ፣ ጠጉሩ ረገፈ።
በኅዳር የእጁን ጅማት ይዤ ቆጠርሁ፣
አንድ ብዬ ጀምሬ አንድ ላይ ቀረሁ።
ሬሳ ነው እንዳልል እንጨት ይመስላል፣
እንጨት ነው እንዳልል ሰዓት አስሯል፣
ሰዓቱም ይሠራል።

መጋዝ ተዋስሁ።
ከቁርጭምጭሚቱ በላይ።
የፈሰሰው ውሃ ነበር፣ የታጨደ ሣር የሚሸት።
ከኔልትየ ጎን አኖርነው፤
በዚህኛው ጊዜ ለሳጥን እንጨት አልጠፋም።

ፊልሙን ያጠብሁት በጥር ነው።
ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርሁ።
መቶ ሰማንያ ቀን፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላ፤
ሌሊቱ ጥቁር፣ ቀኑ ነጭ፣
እንደ ሽፋሽፍት ይርገበገባል።
እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም ማለት ይቻላል፣
አንዳንዴ እንደ ጭስ ብልጭ ብዬ እጠፋለሁ፤
በዚያ ክፍል ሰው የነበረው እሱ ነው።
ዝም አለ ባልሁበት በነሐሴ
አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤
እጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ እኔ ይነሣል፤
ጣቶቹ ጠጉሬን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው
ፊልም ልቀይር ዞር እላለሁ።

ወታደር በደጃችን ሲያልፍ
ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነበር የምናወራው፤
ስለዚህ አነበብሁት።
"ሂልትየ፣ አልራበኝም።
ሂልትየ፣ አል..."

በምስሉ ጥግ የመጋዝ ጥርስ ገባ።
ከዚያ አንሶላው ነጣ፤
የፊልሙ ጅራት ብረቱን ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣
ተነሥቼ እስካጠፋው ድረስ ብዙ ቆየ።

ዛሬም መስኮቴ ላይ አንዲት ተክል አለች።
ውሃ ሳጠጣት አላጣድፋትም፤
ሰኞ "ደህና" እላትና
ዐርብ ላይ "አደርሽ" እላታለሁ።